ያልታየችው ካርድ

«ካርዷን አይተሃታል?» ይላል አንደኛው። «ማኑዋሉን አንብቤዋለሁ፤ ማየት ምን ያደርግልኛል?» ይላል ሌላው። ከዚያ የሳቁ ይመስለኛል፤ ወይም ሳቁን እኔ ጨምሬበት ይሆናል። ሆላንድ ውስጥ ከግሮኒንገን ወደ ሌዋርደን ከተማ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። የጠየቀው ማን እንደነበር ረስቻለሁ። የመለሰው ግን ዊብረን ነው።

ዊብረን ከዩኒክስ ዘር በሆነው ነፃ የኮምፒውተር ስርዓታችን ውስጥ ስሙ የገነነ ሰው ነው። ሁላችንም ያለ ደመወዝ፣ በፈቃዳችን ነው የምንሠራው፤ እኔ ራሴ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ ኮድ የተማርኩት የሰው ኮድ በማንበብ ነው። የምንጽፈው ድራይቨር ነው፤ ስርዓቱ ከካርዱና ከማተሚያው ጋር የሚነጋገርበትን ኮድ። ሕጋችን አንድ ነው፦ ሌላ ሰው አንብቦ «ይሁን» ካላለህ የጻፍከው አይገባም። ዊብረንና ወዳጁ ሃርመን ይህን ሕግ እንደ ሁለት ሰነፍ ዲያቆናት ጠበቁት፤ ሳያነቡ ተራ በተራ አሜን ይባባላሉ።

ዘንድሮ በጸደይ ስብሰባችን ላይ ባልደረባችን ሲትስከ ለዚያችው፣ ባቡር ውስጥ ለተወራላት የኔትወርክ ካርድ አዲስ ድራይቨር ይዛ መጣች። ስምንት ወር ደክማበታለች። የዊብረን አሮጌ ድራይቨር ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃ ካርዷን ጭራሽ ያጣታል። የስርዓቱ አዲስ እትም ኮድ የሚቀበልበት በር የሚዘጋው በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ነበር። «ዛሬ ካልገባ ቀጣዩን እትም ስድስት ወር አልጠብቅም፤ ትቼው ነው የምሄደው» ብላኛለች።

ዊብረን ስክሪኗ ላይ ጎንበስ አለ። «እዚህ ጋ ከመስመሩ መነሻ የሚተወው ስምንት ባዶ ቦታ ነው፣ አራት አይደለም።» ይህ የኮዱን መልክ እንጂ ሥራውን አይለውጥም።

«አስተካክላለሁ። ሌላስ?»

«ካርዷን ከቀሰቀስሻት በኋላ ሃምሳ ሚሊሰከንድ ትጠብቂያለሽ። ማኑዋሉ ዐሥር ይላል። ማንበብ ይከብዳል እንዴ፣ እሜቴ?»

«ማኑዋሉ ተሳስቷል። በዐሥር አትነቃም።»

«ያንቺዋ ተበላሽታ ይሆናላ! የእኔ ድራይቨር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል፣ ማንም አላማረረም።»

ያማረረውን ሁሉ «ካርድህ ተበላሽታለች» እያለ ሲሸኝ ነው የኖረው። አይብ የገባበት ዳቦውን ገመጠ፤ ፍርፋሪው የሲትስከ ቁልፎች ላይ ረገፈ።

ትዕግሥቴ ከእግዚአብሔር ለምኜ ያገኘኋት ናት፤ ዊብረን ላይ ማባከኔ ግን ከነከነኝ። ሲትስከ ላፕቶፗን ልትከድን እጇን ስታነሣ ተናገርሁ።

«ዊብረን፣ ሁለቱን ካርዶች እናወዳድራ። የአንተን አምጣት።»

«የእኔን?»

«ድራይቨሩን የሞከርክባትን።»

«እ... ቤት ናት።»

«ቤትህ ከካናሉ ማዶ አይደል? በብስክሌት አራት ደቂቃ ነው። እንጠብቃለን።»

አልተነሣም። ወደ ሃርመን ዞርሁ። «አንተ ነህ ‹ይሁን› ያልከው። አንተ ጋ ትሆን?»

ሃርመን ጺሙን አከከ። «እሱ ማኑዋሉን አምኖ፣ እኔ ደግሞ እሱን አምኜ...»

«ሳያዩ ማመን ለሃይማኖት ነው፤ ለኔትወርክ ካርድ አይሠራም» አልሁት።

አዳራሹ ሳቀ። ሲትስከ ግን አልሳቀችም፤ ካርዷን ነቅላ ዊብረን መዳፍ ላይ አኖረችለት። «በራስህ እጅ ሰካት።»

ሰካት። በእሱ ድራይቨር የእሷን ላፕቶፕ አስተኝቶ ቀሰቀሰው፤ ካርዷ የለችም። በእሷ ድራይቨር ደገመው፤ አረንጓዴው መብራት በራ። ደግሞ ሞከረ፣ በራ።

«የአንተን አጥፋውና ለእኔው ‹ይሁን› በል» አለችው። «ሁሉም በሚያነበው የለውጡ ማስታወሻ ላይም ‹ካርዷን አይቼ አላውቅም ነበር› ብለህ ጻፍ።»

«‹በወቅቱ ካርዷ አልተገኘችም› ብልስ?»

«አይሆንም።»

ሰዓቱን አየ። እኛን አየ። አሥራ አንድ ዓመት የተከበረበትን አንድ ሺህ ስምንት መቶ መስመር በገዛ እጁ ሊያጠፋ፣ ማስታወሻውንም እንዳለችው ሊጽፍ ተስማማ።

«እሺ» አለ፣ «ባዶ ቦታዎቹ ግን ስምንት ይሁኑ።»