አራተኛው ብርጭቆ

ፈረጅ በሞተበት ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አራት የሻይ ብርጭቆዎች ተደርድረው ነበር። በአንደኛው ተራ ወረቀት ላይ የታተሙ ቴምብሮች አሉ። በሁለተኛው ለብርሃን ሲይዟቸው ቀጫጭን መስመር የሚያሳዩት፣ በሦስተኛው ወረቀታቸው ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ጭረት የተበተነባቸው ነበሩ። አራተኛው የያዘው አንድ ቴምብር ብቻ ነው፤ መርከብ የተሳለበት፣ ፊቱ ስስ ጠመኔ የተቀባ።

ከቀብር መልስ ብርጭቆዎቹ ሻይ ተቀድቶባቸው በለቅሶተኛው እጅ ነበሩ።

ለቅሶተኛውን የሚያስተናግዱት የቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ሴቶች ዕቃ አጥሯቸው ነው። ከመካከላቸው ኡምኩልሱም ቤቱን አስሳ አራቱን አገኘች፤ የያዙትን ሁሉ አንድ ሳህን ላይ ገለበጠች፤ በሳሙና አጥባ አቀረበቻቸው።

"ወላሂ፣ የሕፃን መጫወቻ መስሎኝ ነው" አለች በማግስቱ፣ የፈረጅ ልጅ ዘሊካ ሳህኑ ላይ ዓይኗን ተክላ ስትቀርባት። "ግን አንድም አልጣልኩም። ሁሉም አለ።"

"አዎ እትዬ፣ ሁሉም አለ።"

የአባቷ የዕድሜ ልክ ሥራ ግን ማን የት እንደሆነ መለየቱ ነበር።

የከሚሴ ከተማ ፈረጅን የምታውቀው በልብስ ስፌቱ ነው። ዋናው መንገድ ዳር፣ ከጓደኛው ከአብዶ ጋር በአንድ በረንዳ ይሰፋ ነበር። ደብዳቤ በሚላክበት ዘመን ከዓረብ አገር የተጻፈለት ሰው ሁሉ ባዶ ፖስታውን ያመጣለታል፤ እሱም የወለቀ ቁልፍ በነፃ ይተክልለታል። ቴምብሩን ከፖስታው ካላቀቀ በኋላ በፊቱ ደፍቶ፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው በጣቱ ይዳብሰዋል።

"ሥዕሉን ማንም ያየዋል" ይላት ነበር ዘሊካን። "አንቺ ጨርቁን እዪ።"

ኋላ ኋላ ወረንጦውን ለእሷ ሰጣት። እሷ ትለያለች፤ እሱ ጎኗ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ስትነግረው አንገቱን ይነቀንቃል። ያ ንቅናቄ ሳይመጣ ዘሊካ አንድም ቴምብር ብርጭቆ ውስጥ ጥላ አታውቅም።

አሁን ሳህኑን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ባለ ጭረቶቹና ባለ መስመሮቹ ቶሎ ተለዩ። ሴቶቹም ቀስ በቀስ ከበቧት።

"ይቺ ከወንድሜ ደብዳቤ ላይ የተነሳች ናት" አለች ኡምኩልሱም፣ አንዷን ለብርሃን ይዛ። "ከጅዳ። ደብዳቤውን ፈረጅ ነበር ያነበበልኝ፤ እኔ ሳለቅስ እሱ ቴምብሩን ያያል።"

ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ።

በመጨረሻ ሁለት መርከቦች ቀሩ። ሥዕላቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ። አንደኛው ተራ ነው፤ ሌላኛው የአራተኛው ብርጭቆ ነው። የዘሊካ እጅ ቆመ።

"ምነው?" አለች ኡምኩልሱም።

"ጠመኔ የተቀባው የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ብር ቢነካው የእርሳስ ጭረት የመሰለ ምልክት ያወጣል።"

ኡምኩልሱም ቀለበቷን አወለቀች። "እንኪ፣ ንጹሕ ብር ነው።"

"ጭረቱ አይለቅም እትዬ። አባቴ አንድም ቴምብር ጭሮ አያውቅም።"

"ታዲያ በምን ይለይ ነበር?"

"በዓይኑ።"

ሊሰናበት በሩ ላይ የቆመው አብዶ ቀና አለ። "በየትኛው ዓይኑ?"

"እንዴት ጋሽ አብዶ?"

"ኧረ ልጄ፣ መርፌው ላይ ክር የማስገባለት እኮ እኔ ነበርኩ። ስንት ዓመት ሙሉ! ቀዳዳው አይታየውም። ደንበኛ እንዳይሸሽ ለማንም አልተናገርኩም።"

"ቴምብሩንስ?"

"'ዘሊካ ለየችው' ይለናል ጠዋት ሲመጣ። 'የልጄ ዓይን ስቶ አያውቅም' ይላል፤ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣው ሳይቀር። ላንቺ አልነገረሽም?"

"አልነገረኝም።"

"ኩራቱ እንዳይዝሽ ፈርቶ ይሆናል። እሱ ግን ኮርቶ አላስቀመጠንም። አላህ ይዘንለት።"

ዘሊካ ወደ ሁለቱ መርከቦች ዞረች። ለካ አባቷ አንገቱን ሲነቀንቅ የኖረው፣ ራሱ ሳያይ፣ እሷ ያየችውን ተቀብሎ ነው።

አንደኛውን መርከብ በወረንጦ አንስታ ወደ መስኮቱ አጋደለችው። ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ ጠፋ። ሁለተኛውን አጋደለች። ከሸራው እስከ ጠርዙ፣ ገና ከካውያ ሥር እንደወጣ ሐር፣ ስስ ወዝ ሄደበት። ደግማ አየችው።

"ይኼ ነው" አለች።

ኡምኩልሱም ከለቅሶተኛው መሐል አንድ ብርጭቆ ተቀብላ አጠበችው፤ ውስጡን በሻሿ ጫፍ እስኪደርቅ ወልውላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ዘሊካ እንደ ልማዷ ወደ ጎኗ ዞረች። የአባቷ ወንበር ላይ የእንግዳ ጋቢ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጥቂት አየችው፤ ከዚያ ራሷ አንገቷን ነቀነቀችና ወረንጦውን ለቀቀች።

በአራተኛው ብርጭቆ ውስጥ አንድ ቴምብር አለ።