ባለ ወርቅ ጥርሷ

አክስቴ ቤት ልትቀይር ዕቃ ቤቷን ስታስጠርግ፣ አንድ የሚጠቅምሽ ነገር አለ ብላ ጠራችኝ። የእናቴ ታናሽ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ነው የምላት። የጠራችኝ ለልብስ ስፌት መኪና ነበር። ከብረት እግሮቿ ጋር ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ከላይ እስከ ታች የግቢ በር በሚቀባበት ዓይነት ወፍራም አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቃለች። የፋብሪካ ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳ ተነቅሎ ቀዳዳዎቹ ብቻ ቀርተዋል። መዘውሯን ለማዞር ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለችም።

እትዬ ድሮ ሱቁን ከሚዘጋ ልብስ ሰፊ እንደገዛቻት፣ አንድም ቀን እንዳልሰፋችባት ነገረችኝ። «አንቺ የሞተ ዕቃ ማስነሳት ትወጃለሽ» አለች። እውነቷን ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሌላ ነገር ቢሆንም፣ ከሥራ ስወጣ ከሰው ጋር ከምጫወት የቆመ የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ ብቀመጥ ይቀለኛል። ዕቃ «ምነው ዝም አልሽ?» ብሎ አይጠይቅም።

መኪናዋን የወሰድኳት ግን ለእናቴ ነበር።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጅ ሳለሁ መኪናዋ ከቤት ጠፋች፤ አባቴ ሸጦ ጠጣባት ተባለ። አባቴ በያጅ ነው። ሥራ ሲያገኝ ይሠራል፣ ሲከፈለው ይጠፋል፣ ሲያልቅበት ይመጣል። «አልነካኋትም» ብሎ ነበር፤ ማን ሊሰማው። ሰፈሩ ቀልድ አወጣለት፤ መኪናዋንስ ጠጣት፣ መርፌዋ ጉሮሮውን እንዴት አልወጋችውም ይሉ ነበር። ትምህርት ቤት ስሜ የመኪና ጠጪው ልጅ ሆነ። እናቴ አስወጣችው።

ከዚያ ወዲህ በእጇ ነው የምትሰፋው። የደንብ ልብሴን፣ የሰው መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ ሁሉን በመርፌ። ጣቷ ደምቶ ስትመጠው ካየኋት፣ «አባትሽ ባይሸጣት ኖሮ…» ትልና ታቆማለች። የቀረውን እኔ በልቤ እየጨረስኩላት አደግሁ። አባቴ ከወዲያ ሲመጣ መንገድ እሻገራለሁ። ለምርቃቴ ቀን አልተጠራም።

አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማሾለክ አቅቷት ጎረቤት ትጠራለች። መኪና ባስገባላት ያ ሳይጨረስ የኖረ ነገር የሚያልቅ መሰለኝ። ሳላሳያት አድሼ ላስደንቃት ብዬ ከተከራየኋት ክፍል መስኮት ሥር አቆምኳት።

መጀመሪያ ምን እንደሆነች ማወቅ ነበረብኝ። ሰው የስፌት መኪና ባየ ቁጥር ሲንጀር ይላል፤ የሁሉም እናት አንድ አይደለችም። ጥጥ በአልኮል እየነከርኩ ቀለሙን በትንሽ በትንሹ አለቀቅሁት። ከአረንጓዴው ሥር ጥቁር ወጣ፤ በጥቁሩ ላይ የደበዘዘ የወርቅ ቅብ ሐረግ። ስፈጥን አበባው አብሮ ስለሚነሳ እንደ ሕፃን ፊት ነው የምጠርገው። ከአንገቷ ሥር በብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር አገኘሁ። የድሮ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ካስቀመጡት ሰንጠረዥ ጋር ሳስተያየው ከአያቴ በዕድሜ ትበልጣለች።

የታችኛውን ክር የምትይዘውን ክፍል አውጥቼ መለዋወጫ ሻጩ ዘንድ ወሰድኳት። ገበያው «ሐኪሙ» ይለዋል። እንደ ዛሬዎቹ ክብ አይደለችም፣ ሹል ጀልባ ነው የምትመስለው። መዳፉ ላይ አገላብጦ ሳቀ። ይቺ ከጡረታ ተመልሳ ነው፣ አለኝ፤ ደግሞ ከመነጽሩ በላይ አየኝና፣ «ልጄ፣ ይቺን ከምታድሺ ባል ብታገኚ አይሻልም?» አለ። እንደ ልማዴ መሬት መሬት አየሁ። መርፌና የፔዳሉን ቆዳ ቺንጋ ግን መርጦ ሰጠኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ወደ ሆዷ ደረስኩ። መኪናዋን ወደ ኋላ አስተኝቼ ላምባ ያጠጣሁትን የደረቀ ቅባት በእንጨት ፋቅሁት፤ እንደ ሬንጅ ተላቀቀ። ጨርቅ የሚገፉትን ጥርሶች የሚያንቀሳቅሰውን ክንድ በጨርቅ ሳሽ ከጥቁሩ ብረት መካከል ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። ዝገት ነው ብዬ ደግሜ አሸሁት። ደመቀ። ክንዱ ተሰብሮ በናስ ተበይዶ ነበር፤ ናሱ እንደ ሽምብራ አብጦ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል።

ጨርቁን አስቀምጬ ጎንበስ ብዬ አየሁት።

ያን ናስ አውቀዋለሁ። የእናቴ መኪና አንድ ቀን ክንዷ ተሰብሮ አባቴ በይዶላት ነበር። እናቴ ዘይት ልታጠጣት ባስተኛቻት ቁጥር ትጠራኝና፣ «ነይ፣ የወርቅ ጥርሷን እዪ» ትለኛለች። ባለ ወርቅ ጥርሷ ነበር የምንላት። አባቴ ከበር ላይ ሆኖ፣ ለመኪናዋ በየድኩት እንጂ ጥርሱስ ለእናትሽ ነበር የታሰበው ይል ነበር። እናቴ ያኔ ትስቅ ነበር።

ተቀምጬ አሰብኩ። እትዬ አባቴ ከሸጠለት ሰው ሳታውቅ ገዝታት ሊሆን ይችላል። ይህን ይዤ ሄድኩ፤ እንዲሆንም ለመንኩ።

እትዬ የክረምት ልብስ እያጣጠፈች ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ቁጭ አልኩና የምታጥፈውን ሹራብ አንዱን እጅጌ ያዝኩላት። መግቢያ ቃል ስፈልግ ቆይቼ እንዲሁ አልኳት፦

«እትዬ፣ መኪናዋ የእማዬ ናት።»

እጇ አልቆመም። ሹራቡን አጥፋ፣ ዳበስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ጥርሷ።»

አልገባትም። ለካ አንድም ቀን አስተኝታ አላየቻትም። ስለ ብየዳው ስነግራት ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከማን ገዛሻት ብዬ ጠየቅኋት፤ አሁንም የማምለጫ በር እየከፈትኩላት ነበር።

«አልገዛኋትም» አለች። «እናትሽ ናት ያመጣችልኝ። አባትሽ በሌለበት፣ በጋሪ አስጭና።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ቀስ ብላ ነገረችኝ። እናቴ አባቴን ልትለየው ፈልጋ ብዙ ጊዜ ሞክራለች። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር እያስታረቀ ይመልሳታል። አይመታሽም፣ አይሰድብሽም፣ ወንድ ልጅ ይጠጣል፣ ቻዪው ይሏታል። እሷ ግን መጠበቁ ሰልችቷት ነበር፤ ራት አቅርቦ መጠበቅ፣ በር ሳይዘጉ መጠበቅ። «ሰው የሚረዳው በደል አስፈለጋት» አለች እትዬ። የእንጀራ መሣሪያዋን የሸጠባትን ባል ማንም ታረቂው አይላትም። የእትዬ ባል ቀለም ቀባት፤ ለጥቂት ጊዜ ተብሎ ነበር። ከዚያ ማን ይመልሳት፤ ከተመለሰች ወሬው ይመለሳል።

«ለእኔ ለምን ሰጠሽኝ ታዲያ?»

«ጥዬያት ልሄድ ነበር፤ ሆዴ እምቢ አለ። ወደ ቤቷ ትመለስ አልኩ። አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ አልገመትኩም።» ቀና ብላም አላየችኝ። «ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪብኝ።»

ሥራውን ጨረስኩት። ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም፤ የጀመርኩትን ስለማልተው ይመስለኛል። ዘይት አጠጣኋት፣ ቺንጋዋን ገጠምኩ፣ ፔዳሉን ረግጬ ስለቀው ለስለስ ብሎ ይመለስ ጀመር። ሐኪሙ ያልተሰበረ ክንድ ከሌላ መኪና ፈትቶ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር። ተውኩት። ናሱን እስኪያበራ አሸሁት።

ከዚያ እናቴን ቤቴ ጠራኋት። ሻርፗን ሳታወልቅ ከበሩ ላይ መኪናዋን አየቻት። ጥቁር፣ ከነወርቅ ሐረጓ። «ይሄ ሁሉ ያንቺ እጅ ነው?» ብላ ተደነቀች፤ ከልቧ ነበር። ወንበሩን ሳብኩላት። የምታሳጥርልኝን ቀሚሴን በእጇ ልትሰፋው ይዛው መጥታ ስለነበር ጫፉን አጥፋ ከመርፌው ሥር አስገባችና ረገጠች። ትንሽ ሰፋች። ከዚያ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ መርገጧን አቆመች። ሳታይ እጇን ሰድዳ ከመዘውሩ ጀርባ ያለችውን አንዲት ብሎን አገኘቻት፤ ጣቷ እዚያው ቀረ። ሰው የራሱን ቤት መብራት ማብሪያ እንዲህ ነው በጨለማ የሚያገኘው።

«ጥርሷን አጽድቼልሻለሁ» አልኩ።

ያለቅሳል ብዬ የጠበቅሁት ፊት አላለቀሰም። ትቆጣለች ያልኩትም ቀረ። የክሩን ጫፍ በጥርሷ በጥሳ ቀሚሱን አወጣች፣ አጣጠፈችው፣ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ለአባትሽ ነግረሽዋል?»

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህን ነው። ለምን እንዳደረገችው ልትነግረኝ ትችል ነበር። ያ ሁሉ የደማ ጣት፣ ያ ሁሉ «ባይሸጣት ኖሮ» እኔንም ጭምር ለማሳመን እንደነበር፣ ይህን ብቻ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር።

«አልነገርኩትም።»

«እንዳትነግሪው። አሁን ምን ይጠቅመዋል? እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የሰው መሳቂያ ልሁን?» አለች፤ ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ» አለች።

ሸኘኋት። መንገድ ላይ ክንዴን ያዘችኝ፤ አላስለቀቅኋትም። ስለ ቀሚሱ ርዝመት ብቻ አወራን።

በሳምንቱ የመኪናዋን ጭንቅላት ከእግሮቿ ፈትቼ በፎጣ ጠቀለልኳትና ታክሲ ይዤ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ የመስኮት ፍርግርግና የግቢ በር ይሠራል። መጠጥ ከተወ ቆይቷል ይላሉ። ሲያየኝ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ አነሳ፤ ግራ ገብቶት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ከዚያም ሳይዘረጋው ቀረ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ አቧራው አወራ፤ ግቢ ለማለት ጊዜ ወሰደበት።

ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፎጣውን ገለጥኩ። እሱም አስተኛትና ሆዷ ውስጥ ጣቱን ሰደደ። ናሱን ሲነካው ፊቱ ለአፍታ የዚያን ጊዜ የበር ላይ ቀልደኛ ፊት ሆነ።

«አልለቀቀም፣ አየሽ» አለ። «ጎበጥ ቢልም ይዟል።» ከዚያ አገላብጦ ሐረጎቿን በአውራ ጣቱ ተከተላቸው። «አረንጓዴውን በምን አለቀቅሽው? የዘይት ቀለም እኮ ክፉ ነው።»

በአልኮል፣ ልል አፌን ከፈትኩ። አረንጓዴ እንደነበረች ግን አልነገርኩትም ነበር። በላይዋ ላይ አንድ ጠብታ እንኳ አልቀረም።

እሱም የተናገረው ገባው። ከጠረጴዛው ዞር ብሎ የብረት መፍጫውን ከሶኬቱ ነቀለው፣ የሚነቅለው ሌላ የተሰካ ዕቃ ፈለገ፣ አጣ።

«መቼ ነው ያየሃት?»

ከእናቴ ጋር አስታርቁኝ ብሎ እትዬ ቤት በሄደበት ቀን ነው አለኝ። ውሃ ሊያመጡለት ሲገቡ የዕቃ ቤቱ በር ተከፍቶ ነበር። ቀለሟ ገና አልደረቀም። በብረት እግሮቿ ከሩቅ አወቃት።

«ዝም አልክ?»

«ብናገር እናትሽ ውሸታም ልትባል ነው፤ ዝም ብል እኔ ሰካራም። ሰካራም መባሉን ለምጄው ነበር። ልትለየኝ ይህን ያህል ከደከመች፣ ይሁንላት አልኩ።»

ያማረ ነገር ነው፤ ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ዓይኔ እንባ ያቅር ነበር።

«እኔስ?» አልኩት። «እኔ እኮ በዚህ ሁሉ ውስጥ ነበርኩ።»

ደጅ በር ያዘዘ ደንበኛ መጥቶ፣ «ጌታዬ፣ ደረሰልን?» እያለ ይጣራል። አባቴ ወደ ደንበኛው አላየም፤ ወደ እኔም አላየም። ናሱን አየው።

ሦስቱም ያውቁ ነበር። እርስ በርስ ተጎዳድተው እንኳ አንዱ የሌላውን ምስጢር ጠበቀ። ያላወቅሁት እኔ ብቻ፣ መንገድ የተሻገርኩትም እኔ ብቻ።

መኪናዋን በፎጣው መልሼ ጠቀለልኳት። ከባድ ናት፣ ልሸከምልሽ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እኔ እይዛታለሁ» አልኩት።

እስከ ዋናው መንገድ አቅፌያት ሄድኩ። ክንዴ ሲዝል የአጥር ግንብ ላይ አሳርፋታለሁ፣ እንደገና አነሳታለሁ። ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። የስፌት መኪና አልኩት። የማን ናት አለኝ፤ የእኔ አልኩት።

ቤቴ ገብቼ ከእግሮቿ ጋር አጋጠምኳት። የእናቴን ቀሚስ፣ ማለት እሷ ጀምራ ትታው የሄደችውን የእኔን ቀሚስ፣ ከመርፌው ሥር አስገባሁ። በመኪና መስፋት አልችልም፤ የምማርበት መኪና ቤታችን አልነበረም። ረገጥኩ። ስፌቱ እንደ ሰካራም እግር ወዲያና ወዲህ እያለ ሄደ። አልተረተርኩትም። ጫፉ ላይ ስደርስ ክሩን በመቀስ ቆረጥኩት።