እትዬን ያሳቀው ሊፍት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል የተጨመረችበት እንደሆነ ምላሴ ከትናጋዬ ጋር ተጣብቃ ትቅር። እንዲያውም ቁጥሮቹ ተቀንሰው ነው የቀረቡት፤ ሙሉው ቢነገር ማን ያምናል?

ሰውየው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ደራሲና አዘጋጅ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ "ጉደኛው" ይሉታል፤ በእናትና በአባት ፋንታ ሆና ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ግን ለሃምሳ ሁለት ፈሪ ዓመት ሞልቶት እንኳ "አንተ ልጅ" እያለች ነው የምትጠራው። እሱም "እትዬ" ይላታል፤ በዚህ ምድር ላይ የሚፈራው ፍጥረትም እሷ ብቻ ናት።

እትዬ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ናት። ተፈታኞቿ ያወጡላት ስም "ቀይ መብራት" ነው። ከጎን ገብታ ቀበቶዋን ስታስር ብቻ መሪው በላብ ይርሳል። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሾፌር ፈቃዱን ሊያሳድስ መጥቶ ፊቷን ሲያይ የትኛው ፍሬን የትኛው ነዳጅ እንደሆነ ጠፍቶት፣ ቁልፉን አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄዷል። በሠርጓ ቀን ፎቶ አንሺው ሦስት ፊልም ጨርሶ አንዲት ጥርስ አላገኘም። ሙሽራው ስቋል፣ ሚዜዎቹ ስቀዋል፣ ከኋላ የቆመው መኪና እንኳ የሳቀ ይመስላል፤ እሷ ግን የመንገድ ምልክት እንደምታነብ ሰው ቅጭም ብላለች።

ጉደኛው ገና በአምስት ዓመቱ የሰፈሩን ባለሱቅ አካሄድና አነጋገር አስመስሎ ሲያሳይ መንደሩ በሳቅ ፈርሷል። የአውቶቡስ ሾፌር መኪናውን መሐል መንገድ ላይ አቁሞ ወርዶ ነው ያየው፤ ተሳፋሪውም አብሮ። እትዬ በር ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ካየች በኋላ "ጨረስክ?" አለችው። "ጨረስኩ።" "እንግዲያው እጅህን ታጠብ።" ያን ቀን ነው ነገሩ የገባበት። መንደር ሙሉ ስቆ አንድ ሰው ካልሳቀ ለካ ሰው የሚያየው ያንን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከዓመታት በኋላ የቅየሳ ትምህርቱን በመንፈቁ ጥሎ መጣ። እትዬ ጠረጴዛ ላይ የፈተና ወረቀት ታርማለች።

"እትዬ፣ ቀልድ ልጽፍ ነው።"

"ምን ልትጽፍ?"

"ቀልድ። ለቴሌቪዥን።"

"ጥሩ ነው፣ እሁድ እሁድ ትጽፋለህ። በሌላው ቀን ምን ልትሠራ ነው?"

"ሥራዬ እኮ እሱ ነው!"

እስክሪብቶዋን ከጥርሷ መሐል አወጣች። "እንግዲህ ስማኝ አንተ ልጅ። አንድ ቀን እኔን ካሳቅኸኝ፣ ሥራ ነው ብዬ እቀበላለሁ። እስከዚያው ግን ሰው ሲጠይቀኝ፣ ወንድሜ ሥራ እየፈለገ ነው ነው የምለው።"

ቃሏን አንዲት ስንዝር አላጎደለችም። ሃያ ሁለት ዓመት! ጎረቤት ሁሉ የእሱን ፕሮግራም በእሷው ሳሎን፣ በእሷው ቴሌቪዥን እያየ፣ ስሙ በትልቁ ተጽፎ ሲያልፍ አንዷ ጎረቤት "ውይ፣ ይሄ የወንድምሽ ስም አይደለም እንዴ?" ብትላት፣ እትዬ ዓይኗን ሳታሽ "ለሥራ ሲመዘገብ ጽፈውት ይሆናል" አለች። ሴትዮዋ አንጀቷ ተላውሶ በሳምንቱ ከጋዜጣ የተቀደደ ማስታወቂያ ይዛ መጣች። የመጋዘን ጥበቃ፣ ልምድ የማይጠይቅ። ጉደኛው ያን ቁራጭ እስከ ዛሬ በኪስ ቦርሳው ይዞታል።

ፕሮግራሙ "ሊፍቱ" ይባላል። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ መጀመሪያ ቀን "በጀቱ የሚበቃው ለአንዲት ክፍል ነው፣ እሷም ትንሽ ትሁን" ሲለው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ቅስሙ ተሰብሮ ይመለስ ነበር። ጉደኛው ግን ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ እስከ ምድር ቤት በሊፍት እስኪወርድ ድረስ ሃምሳ ክፍል ድርሰት በጭንቅላቱ ጨረሰ። ስምንት ሰዎች በተበላሸ ሊፍት ውስጥ ተዘግተዋል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። በየሳምንቱ ስልክ ይደውላሉ፤ በየሳምንቱ "ቴክኒሻኑ መንገድ ላይ ነው" ይባላሉ። ይቺ አባባል አገር ምድሩን አዳረሰች። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰውዬ ከማደንዘዣው ሲነቃ በመጀመሪያ የጠየቀው "ቴክኒሻኑ መጣ?" ብሎ ነው። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ጭር ይላል፤ የትራፊክ መብራቶቹ ማንም በሌለበት ነው ቀይ አረንጓዴ እያሉ የሚቀያየሩት።

ቀረጻው ሁልጊዜ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለት ሺህ ተመልካች ፊት ነው። ጉደኛው ፎቅ ላይ ካለችው መቆጣጠሪያ ክፍል የጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ፣ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ይቀመጣል። ታች፣ በኋላው በር አጠገብ፣ በዓመት ሁለት ቃል የማይናገረው ዘበኛ አንዲት ታጣፊ ወንበር በብብቱ ይዞ ይቆማል። ወንበሯ ለማን እንደሆነች የጠየቀው የለም።

እሁድ እሁድ ደግሞ ጉደኛው ስክሪፕቱን ይዞ እትዬ ዘንድ ይሄዳል። ስምንቱንም ሰው እየሆነ ያነባል፤ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ወንበር ላይ ይወጣል። እሷ እስክሪብቶዋን እያኘከች ታዳምጣለች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያኘከችው እስክሪብቶ ቢሰበሰብ አንድ ትምህርት ቤት ያስተምራል።

"አላሳቀሽም?"

"ቴክኒሻኑ ግን ለምን አይመጣም?"

"ከመጣማ ያልቃል እትዬ!"

"ኃላፊነት የጎደለው ሰው ነው።"

"ሐሙስ ነይና ቀረጻውን እዪው እስቲ።"

"ሐሙስ ጥርስ ሐኪም አለኝ።"

ሠላሳ ሁለት ድፍን ጥርስ ያላት ሴት በየሐሙሱ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ምን እንደምትሠራ ጉደኛው ገብቶት አያውቅም። ያሳመማት እሱ ሳይሆን እንደማይቀር ግን ይጠረጥር ነበር።

በዚህ ሁሉ ዝና መሐል አንድ የሚያቃጥለው ነገር ነበር፤ የስቱዲዮው የኋላ በር። ጥሩ ቀልድ በመጣ ቁጥር፣ ሕዝቡ ገና መሳቅ ሲጀምር፣ ከኋላ "ሲጢጥጥጥ!" ይላል።

"ጋሼ፣ በሩ እንደገና!" ይላል የድምፅ ባለሙያው ፀጉሩን እየነጨ። "ደግሞ ምን ያለ በር ነው? ደካማ ቀልድ ሲሆን ዝም ይላል!"

"ቀልድ የሚያውቅ በር ነዋ" ይላል ጉደኛው።

የስቱዲዮው አናጺ ያላደረገው የለም። በርሜል ሙሉ ዘይት አጠጣው፣ ማጠፊያውን አርባ ጊዜ ቀየረው፣ ኋላም በሩን ራሱን ከነመቃኑ ነቅሎ አዲስ ገጠመ። አዲሱም በር በመጀመሪያው ሐሙስ፣ በመጀመሪያው ጥሩ ቀልድ ላይ "ሲጢጥጥጥ!"

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራውና ፕሮግራሙ እንዲያበቃ መወሰኑን ነገረው። በሰዓቱ የአየር ትንበያ ሊረዝምበት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። ጉደኛው ግን በጣቱ ቆጠረና ደነገጠ፤ የቀረው ሐሙስ አንድ ብቻ ነው። እትዬን በዚያች ሐሙስ ካላሳቀ ዕድሜ ልኩን ሥራ ፈላጊ ሆኖ መቅረቱ ነው።

በቀጥታ ወደ ቤቷ ገሰገሰ። "እትዬ፣ የመጨረሻው ነው። ነይልኝ።"

ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ተፈታኝ ወደኋላ ሲያቆም እንደምታየው። "እሺ" አለች። "ግን የት ነው የምቀመጠው?"

"ፊት! እፊቴ! የክብር ወንበር!"

"ፊት አይመቸኝም" አለች፤ እሱ ግን በደስታ ሰክሮ አልሰማትም።

ለመጨረሻው ክፍል የጻፈው ድርሰት ሲመዘን አሥራ አራት ኪሎ ነበር። የመጨረሻው መስመር ግን አጭር ናት፦ *የሊፍቱ በር ይከፈታል።* በቀረጻው ዕለት ጠዋት አናጺውን ጠርቶ ጣቱን ቀሰረበት። "ዛሬ ያ በር ሲጥ ቢል፣ አንተን ነው ሊፍቱ ውስጥ የምዘጋህ!" "ግድ የለም ጋሼ፣ መላ አግኝቼለታለሁ" አለ አናጺው። ሁሉም ሐሳቡ በስቱዲዮው በር ተይዞ ስለነበር ስለ ሊፍቱ በር ያሰበ አንድ ነፍስ አልነበረም።

የሊፍቱ በር ደግሞ በር አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን፣ በጀት ስላልነበረ፣ በኋለኛው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ላይ በቀለም የተሣለ ሥዕል ነው። ሰዎቹ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መውጫ ስላልነበራቸው ለመክፈት የሞከረ አልነበረም።

ሰዓቱ ደረሰ። ጉደኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ወርዶ ታች ቆመ። ሁለት ሺህ ሰው ተጠቅጥቋል። እትዬ ፊት ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ሐውልት ተቀምጣለች። ቀልድ መጣ፣ ሕዝቡ ሳቀ፣ እትዬ ቅጭም። ሌላ ቀልድ መጣ፣ ሰው ከወንበር ወደቀ፣ እትዬ ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች። የጉደኛው ልብ ጫማው ውስጥ ገባች።

መጨረሻው መጣ። አሮጊት ሆና የምትሠራው ዋናዋ ተዋናይ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ "ልጆቼ! በሩ ተከፈተ!" አለች። ስምንቱም ወደ ኋላ ዞሩ። በሩ እንደተሣለ ቁጭ ብሏል።

ተዋናይዋ ገፋ አደረገችው። ቧጠጠችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ተመልካቹ ዞራ "ያው... መንገድ ላይ ነው" አለች።

አዳራሹ ፍርስ አለ። ከስምንቱ ደልዳላው ተዋናይ መቼም ለጥበብ ሲባል የማይሆን ነገር የለም ብሎ ተንደርድሮ በትከሻው መታው። ግድግዳው "ጓ!" ብሎ ወደ ኋላ ተዘረረ። ከበስተጀርባው፣ ብርሃኑ ሁሉ ያረፈበት፣ በሁለት በርሜል ላይ በተጋደመ ሣንቃ ላይ፣ የዘይት ጣሳ ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አናጺው ለጥ ብሎ ተኝቷል።

ነቃ። ስምንት ተዋናይ አየ። ሁለት ሺህ ሰው አየ። ዓይኑን አሽቶ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እንዲህ አለ፦

"ይቅርታ... መንገድ ላይ ነበርኩ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚገልጽ ቋንቋ ገና አልተፈጠረም። ጣሪያው ሁለት ክንድ ከፍ ብሎ ተመለሰ። ካሜራ ያዡ ካሜራውን አቅፎ አለቀሰ። ጉደኛው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው ያየው። እትዬ ፊቷን በቦርሳዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ጫማዋ ወለሉን ይመታል፤ ቦርሳዋ ወረደና ሠላሳ ሁለቱም ጥርስ ወጣ! በዚያ ጩኸት ድምፅዋ ተለይቶ አይሰማም እንጂ መቼም እንደ ነጎድጓድ ነው የሚሆነው።

የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫው ከአንገቱ ተንጠልጥሎ ደረጃውን በሦስት በሦስት እየዘለለ ወረደ። "ጋሼ! በሩ! ጭራሽ ዛሬ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ደግሞ ከፊት ነው የሚመጣው!"

"ተወው በሩን! እትዬ ሳቀች!" ጉደኛው ማይክራፎኑን ከተዋናይዋ ነጠቀ። "ወገኖቼ! ይህች እኅቴ ናት! በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች! በሁለት ሺህ ምስክር ፊት!"

ጭብጨባው ቀለጠ። እትዬ እንባዋን እየጠረገች ከጎኗ ወዳለችው ሴት ዞረች። "ወንድሜ ነው" አለች።

"እሰይ! ምን ይሠራል?"

"ሥራውማ" አለች እትዬ፣ የወደቀውን ግድግዳ እያሳየች፣ "ይኸው።"

ጉደኛው ዓለም ጠበበችው። ገና አፉን ከፍቶ ሊቀጥል ሲል፣ ያ በዓመት ሁለት ቃል የማይናገረው ዘበኛ ባዶ ወንበሩን በብብቱ እንደያዘ ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በሩ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ተነቅሏል። ያውልዎ፣ አናጺው የተኛበት።"

የድምፅ ባለሙያው ሣንቃውን አየ፤ እጀታም አለው። "ታዲያ ማነው ሲጥ ያለው?"

"እሳቸው ናቸዋ። ሲስቁ እንደዚያ ነው።" ዘበኛው ወደ ፊት ወንበር ሰረቅ አድርጎ አየ። "በየሐሙሱ ይመጣሉ። እዚያ ከምሰሶው ኋላ ወንበር የምዘረጋላቸው እኔ ነኝ። ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት አይደለም ጋሼ፣ ስድስት ነው። ሰውም ሁለት ሺህ አይደለም፤ ወንበሩን እኔ ስለምደረድር አውቃለሁ፣ ስልሳ ሁለት ነው። ከእሳቸው ጋር ስልሳ ሦስት።"

ጉደኛው ማይክራፎኑን አወረደ። "እና... ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?"

"አትንገር ብለውኝ ነዋ" አለ ዘበኛው ወንበሩን በብብቱ እያስተካከለ። "ሥራ ያገኘ ከመሰለው መሥራት ይተዋል ብለው።"