የሁዳ ሠርግ አበባ

በደባርቅ ገበያ ሰፈር ሰሊማ እጇን ያላስገባችበት ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር። የትራሱ ጥልፍ የሷ፣ መጋረጃው የሷ፣ ግድግዳው ላይ የሚንጠለጠለው የወረቀት አበባም የሷ። እና አሁን የገዛ ልጇ ሁዳ ስትዳር አበባው ለማን ተሰጠ? ለዚነት! የባሏ ታናሽ ወንድም ትናንት ከሊማሊሞ ማዶ፣ ከአዲ አርቃይ ላመጣት ሚስት! ኧረ ምን ጉድ ነው?

ደግሞ የዚነት ሥራ ቀላል መሆኑ ነው የሚያናድደው። መቀስ እንኳ አትነካም። ባለቀለሙን ወረቀት እያገላበጠች እንደ ቀሚስ ትሸነሽነዋለች፣ ወገቡን በመርፌ ወጋ ወጋ አድርጋ ክሩን ሳብ ታደርጋለች፤ ጫፍና ጫፉን ገልጣ ስታጋጥመው ክብ አበባ ሆኖ ቁጭ ይላል። ያየው ሁሉ "ማሻአላህ!" ይላል። አማቲቱ ሃጂያ ዙበይዳ ሳይቀሩ፣ የሰሊማን ሥራ ለዓመታት አንዴም ሳያደንቁ ያዩት ሴትዮ፣ "ማሻአላህ" አሉ።

"ወረቀት እኮ ነው! ጉም ቢነካው ይሟሟል" አለች ሰሊማ። ማንም አልሰማትም።

የሠርጉ ዕለት ጧት ዚነት አበባዎቿን በካርቶን ሞልታ ጓዳ አስቀመጠችና መሰላል ልትዋስ ጎረቤት ሄደች። ሰሊማ ጓዳ ገባች። ካርቶኑን አየችው። ባልበላውም ጭሬ ልበትነው አለች ዶሮ፤ ሰሊማም የሽንብራውን ጆንያ ጎትታ ካርቶኑ ላይ አጋደመችው። ውስጡ ያለው ሲጨራመት ተሰማት። ደስ አላት፤ ምን እደብቃችኋለሁ፣ በጣም ደስ አላት።

እንግዳው ከከሰዓቱ የአሱር ሶላት በኋላ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ራሷ ሠርታ ብትሰቅለውስ? "ሰሊማ ባትኖር ጉድ ፈልቶ ነበር" ያሰኛል። የተራረፈውን ወረቀት ሰብስባ ማዕድ ቤት ተቀመጠች። ሸነሸነች፣ ወጋች፣ ሳበች፣ ገለጠችው። ጥቅል ጎመን ወጣ። ደገመችው፤ ሌላ ጎመን።

ሃጂያ ዙበይዳ በበሩ ብቅ አሉ። ወረቀቱንና መርፌውን አይተው ፊታቸው ፈካ።

"ቀናሽ ወይ ልጄ?"

ሰሊማ ብድግ አለች። "እኔ? እኔ ነኝ በሷ የምቀናው? በየትኛው ሙያዋ! ጆንያውን እንደሆነ እኔ አልጣልኩትም፣ ራሱ ነው የወደቀባቸው!"

"የምን ጆንያ?" አሉ ሃጂያ ግራ ገብቷቸው። "እኔ እኮ አበባው ቀናሽ ወይ፣ ተሳካልሽ ወይ ነው ያልኩሽ።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዚነት መሰላሉን ይዛ ከኋላቸው ቆማለች፤ ጩኸቱን ሰምታ ሁዳም መጥታለች። ሁሉም ተያይዘው ጓዳ ገቡ፣ ጆንያውን አነሱ፣ ካርቶኑን ከፈቱ። አንድም የተረፈ አልነበረም። ዚነት ብትጮህ፣ ብትሳደብ ይሻል ነበር። ቁጭ ብላ የተጨራመተውን ታቃናው ጀመር።

ሁዳ እናቷን አየቻት። "እማዬ፣ አበባውን ለዚነት የሰጠሁት ለምን መሰለሽ? በሰው ሠርግ ሁሉ አንቺ መሰላል ላይ ነሽ። በኔ ሠርግ እንኳ ሥራ ፈትተሽ፣ አምረሽ፣ ከጎኔ እንድትቀመጪ ብዬ ነበር።"

"አፉ በይኝ" አለቻት ሰሊማ ዚነትን፣ አንገቷን ደፍታ። ዚነት ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ ወረቀት አቀበለቻት እንጂ። "እኔ ልሸንሽን፣ አንቺ ስፊ። ለብቻዬ አልደርስም።"

ሁለቱ ጓዳ ተዘጉ። አንዷ ትሸነሽናለች፣ አንዷ ትሰፋለች፤ ያለቀ ያለቀውን ልጆች እየወሰዱ ይሰቅላሉ። አሱር ተሰገደ። ሳሎኑ በእልልታ ቀለጠ።

"ሂጂ በቃ፣ የቀረውን እኔው እንደምንም" አለች ዚነት።

ሰሊማ የቀረውን ወረቀት አየች። መሄድ እንዴት አምሯት ነበር! ግን ግማሹ ግድግዳ ባዶ ነው፤ ባዶ ያደረገችውም ራሷ ናት። አልተነሳችም።

"ከሁዳ ጎን ማን ተቀመጠ?" አለች።

ዚነት የጓዳውን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ አየች። "የሙሽራው አክስት ናቸው። እጇን ይዘዋታል።"

ሰሊማ ክሩን ሳበችው። እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

"አሁንስ ቀናሁ" አለች።