ከሰርኬ አፍ የተሰረቀው ሙሾ

ሰርኬ ያችን ሙሾ ሃያ ዓመት በአፏ አላዞረቻትም ነበር። ባሏ ዋሴ የተገደለ ዕለት፣ ለቀስተኛው መሀል ደረቷን እየደቃች ያለቻት ናት፤

«ዋሴን ገደሉብኝ ከገብሱ ማሳ ላይ፣
ልጅ አልወለደም ወይ፣ ወንድም የለውም ወይ?»

በስማዳ እንዲህ ያለ ሙሾ ከጥይት ይብሳል። የሰማ ወንድ ደሙን ሳይመልስ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ ገዳዩ ይበልጣል ተፈርዶበት ወህኒ እንደወረደ፣ ሽማግሌና ቄስ ተሰብስበው ሁለቱን ወገን አስታረቁ፤ ጠመንጃ ተራምደው ማሉ። ሰርኬ ሙሾዋን እንዳትደግም፣ ሀገሩም የገዳዩን ስም ጡት ላልጣለው ልጇ ለይስማው እንዳይነግር ተገዘተ። ይስማው አባቱን መብረቅ እንደመታው እየተነገረው አደገ፤ አሁን ወገዳ ከተማ ስልክ ይጠግናል። ይበልጣልም እስሩን ጨርሶ፣ አንገቱን ደፍቶ እርሻውን ያርሳል።

ዘንድሮ ሜሮን የምትባል ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ መጣች። ወንጀል እየመረመረች በኢንተርኔት በሚደመጥ ፖድካስት የምትተርክ ናት። ምኑን እንደምትመረምር እግዜር ይወቀው! የተፈረደበት፣ የታሰረበት፣ የታረቁበት ነገር ነው። ግን አጠገቧ ቁጭ ብላ «እማማ፣ እስኪ ስለ ባለቤትዎ ይንገሩኝ» ስትላት የሰርኬ ሆድ ባባ። በሃያ ዓመት ውስጥ ስለ ዋሴ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ማንስ ይጠይቃት፣ ሁሉም ተገዝቷል።

«ሙሾዋን አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉልኝ» አለች ሜሮን፣ «ለራሴ ነው፣ አይወጣም።»

ሰርኬ አለችላት። ሟቿን ባነሳላት ሰው ፊት አፏን መዝጋት አቃታት። ጥፋቷ ይኸው ነው፣ ሌላ የላትም።

በሳምንቱ ሙሾዋ የፖድካስቱ መክፈቻ ሆና ወጣች፤ ከሥሯ ክራር ሁሉ ገብቶላት! «ሃያ ዓመት የተሰወረው እውነት» ተብሎ የይበልጣል ስም ተጠራ። ለማን ነው የተሰወረው? ከአንድ ልጅ በቀር ሀገር ያውቀዋል፤ ከዚያ ልጅ የተሰወረውም በሕይወት እንዲኖር ነው። የወገዳ ተማሪ ሙሾዋን የስልክ ጥሪ አደረጋት። አንዱም መስታወቱ የተሰበረ ስልኩን ይዞ ይስማው ዘንድ ሄደ።

ስልኩ በእጁ ላይ ሲጠራ ይስማው የእናቱን ድምፅ ለየ። ፖድካስቱን አስከፍቶ የሚወራውን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «ልጅ አልወለደም ወይ» የምትለው እሱን ነው፤ እናቱ ዕድሜ ልኳን እሱን ስትጠብቅ የኖረች መሰለው። ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ወደ አጎቱ ቤት ሄዶ ጠመንጃውን አወረደ።

ጎረቤት ሲነግራት ሰርኬ ነጠላዋን አልፈለገችም። በአቋራጭ ሮጣ ከገዳዩ ቤት ቀድማ ደረሰች። ይበልጣል አውድማው ላይ ገብስ ይወቃ ነበር፤ ባሏን የገደለውን ሰው በገዛ እጇ ገፍትራ ቤት አስገባችውና በሩ ላይ ቆመች።

«እናቴ፣ ዞር በይ» አለ ይስማው ጠመንጃውን እንዳነገተ። «አንቺው አይደለሽ የላክሽኝ?»

ሰርኬ ፀጉሯን ፈትታ ደረቷን ትደቃ ጀመር፤

«አባቱን ቀብሬ ያሳደግሁት ልጄ፣
ዛሬ በእግሩ ወጣ ሬሳው ከደጄ።»

እናቱ በቁሙ ስታለቅሰው የሰማ ሰው ጉልበት ከየት ያመጣል? ይስማው ጠመንጃውን ጥሎ ጭዱ ላይ ተቀመጠ። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ተላቀሱ።

በማግሥቱ ሜሮን ደወለች። የእፍረት ጠብታ የላትም።

«እማማ ሰርኬ፣ የትናንቱን ሰማሁ እኮ! ለልጅዎ ያወረዱትን ሙሾ ለሁለተኛው ክፍል በስልክ ቢሉልኝ...»

ሰርኬ ድምፅዋን አልቀየረችም።

«ልጄ፣ እናት አለችሽ?»

«አዎ፣ አለችኝ።»

«እንግዲያው አገናኝኝ። ልጅሽ ብትሞት ምን ብለሽ ታለቅሻታለሽ ብዬ ልጠይቃት። አንድ ጊዜ ብቻ ትበልልኝ። ለራሴ ነው፣ አይወጣም።»