የአጭሬ መስቀያ

ባሌ ከአዲሱ የውድድር ዘመን የመጀመሪያ ልምምድ ሲመለስ፣ እኔ ለደንበኛዬ የምሰፋውን መጋረጃ አንዱን ጠርዝ እንኳ አልጨረስኩም ነበር። ቦርሳውን እንዳነገተ ሄዶ እንዳነገተ መጣ። ላብ የለ፣ ወሬ የለ።

«ምነው፣ ኳሱ ተነፈሰ?» አልኩት።

«ዝም አይነቅዝም» ብሎኝ ጓዳ ገባ።

እኔን ግን ዝምታ ያነቅዘኛል። የጎረቤት ነገር እንኳ ሳልሰማው ካመለጠኝ ምግብ አይረጋልኝም፤ የገዛ ባሌ ነገር ሲሆንማ ክሩ በየመሐሉ ይበጠስብኝ ጀመር።

ባሌ የክለቡ አምበል ነው። በከፍተኛው የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሊግ እንደሱ አጭር ተጫዋች ያለ አይመስለኝም። ጓደኞቹ «አጭሬ» ይሉታል። ኳስ ሲይዝ ግን እነዚያ ረጃጅሞች ወለል ላይ የወደቀ መርፌ የሚፈልጉ ይመስል ጎንበስ ጎንበስ ይላሉ። ዘንድሮ አዲስ አሰልጣኝ መጥቷል፣ ወጣቶችም ገብተዋል። አጭሬም ከወጣቶቹ እኩል ልሩጥ ብሎ እረፍቱን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ከረመ። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ «በቃህ» ቢሉት ደስ ይለኝ ነበር። ያበጠ ጉልበቱን የማሸው እኔ ነኛ!

እንደምንም አወጣጣሁት።

«መስቀያዬ ላይ ፎጣ ተሰቅሏል» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

ገባኝ። በእነሱ ክለብ ተጫዋች ሲቀነስ ማንም አፍ አውጥቶ አይነግረውም። በመጀመሪያው ልምምድ መልበሻ ክፍል ሲገባ፣ መስቀያው ላይ የሌላ ሰው ፎጣ ያገኛል፤ ዝም ብሎ ይወጣል። ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

«የማን ፎጣ ነው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

ምን ያደርግልኛል? ባሌን ማን እንደተካው ሳላውቅ ልደር? ነውሩ ለተጫዋች ነው እንጂ ለሚስትም መሆኑን የነገረኝ የለም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ አዳራሹ ሄድኩ።

መልበሻ ክፍሉ ባዶ ነበር። መስቀያዎቹ ሁሉ ጣሪያ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም፤ አንዱ ብቻ ዝቅ ብሎ ተመትቷል፣ የአጭሬ። ሰማያዊ ፎጣ ተሰቅሎበታል። ስም ተጽፎበት እንደሆነ ጠርዙን ሳገላብጥ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፎጣዬን ፈልገውት ነው?»

አዲሱ አሰልጣኝ ነበሩ። ቁመታቸው እኔን እንኳ አያክልም።

«የአምበሉ ሚስት ነኝ» አልኩ ደንግጬ። «ለምን... ለምን እዚህ ሰቀሉት?»

«ሌላው የት ይደረስበታል፣ እህቴ? ወንበር ላይ ልውጣ?» ፈገግ አሉና ወዲያው ኮስተር አሉ። «ባለቤትዎ ምን ሆነው ነው የቀሩት? ተጫዋቾቹን ብጠይቅ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ቡድኑን በእሳቸው ላይ ነበር የማቆመው። ነገም ከቀሩ ግን ሌላ አምበል እመርጣለሁ።»

ለካ ልማዱን የነገራቸው የለም! ነገሩ አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። «እነግረዋለሁ» ብቻ ብዬ ወጣሁ።

መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት መጣሁ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ጉልበቱም ያርፋል፣ እሱም ከቤቱ ይውላል። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወሬ ሆዴ ውስጥ ማደር የሚችል መሰለኝ።

ቤት ስደርስ አጭሬ መዶሻ ይዟል። ከበሩ አጠገብ፣ በራሱ ቁመት ልክ ምስማር መትቶ ፎጣውን ሰቅሎበታል።

«ከእንግዲህ መስቀያዬ ይኸው ነው» አለ። ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እምቢ አለው።

አንጀቴን በላው። ዝም ልል በማሰቤም አፈርኩ።

«ፎጣው የአሰልጣኙ ነው» አልኩት። «ከአንተም ያጥራሉ። ሌላው መስቀያ ላይ አይደርሱም። ነገ ይጠብቁሃል።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅም እንባው አላቆመም። ፎጣውን አውርዶ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ምስማሩን ሊነቅል መዶሻውን አነሳ።

«እሱን ተወው» አልኩት። «አይቸኩልም፣ ይጠብቅሃል። እኔም።»