መስታወቱ ላይ የቀረው አለቃ

የመለዋወጫ መጋዘናችን ኮምፒውተር ድሮ የሚያነጋግረን በጽሕፈት ማሽን ነበር። ስለ አንድ ፍሬን ሸራ ስንጠይቀው ክፍሉን በጩኸት እየናጠ ክንድ የሚያህል ወረቀት ይተፋል። በኋላ ስክሪን ያለው ተርሚናል መጣልን። ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል ይወጣል፤ ድምፅም ወረቀትም የለውም። መካኒኮቹ እንኳ ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኝ ጀመር።

አለቃችን ግን ወረቀቱ ሲቀር ፊርማውም አብሮ ቀረበት። በየወረቀቱ ግርጌ መፈረም የለመደ ሰው መስታወት ላይ ምን ይፈርም? ሲተክዝ ከረመና አንድ ቀን ጠራኝ።

«ስሜና ማዕረጌ ሁልጊዜ ላይኛው መስመር ላይ ይሁን» አለኝ።

«ማታ ስናጠፋውስ፣ ጋሼ?»

«አለቃ ማታ ማታ አለቃነቱ ይቀራል እንዴ? አይጠፋም።»

አልጠፋም። በእሑድም በበዓልም ስሙ ባዶውን መጋዘን ሲያስተዳድር ኖረ። እውነት ለመናገር ከሰውየው ይልቅ ስሙ ሰዓት ያከብር ነበር።

ሹመት ያዳብር ስንለው የከረምነው ሁሉ ከንቱ ሆነና ሰውየው ከዓመታት በኋላ ተነሣ። አዲሱ አለቃ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ መጥቶ ተርሚናሉ ፊት ቆመ።

«ይሄ ሰውዬ እስካሁን እዚህ ምን ይሠራል?» አለ።

«ከኮምፒውተሩ አጥፍተነዋል፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ይሄ የማየው ምንድን ነው?»

እንዲያምነኝ ብዬ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀልኩት። ስክሪኑ ጨለመ፤ የቀድሞው አለቃ ስም ግን ከነማዕረጉ እንደ ጠባሳ ደብዝዞ ቁጭ ብሏል። አዲሱ አለቃ አንዴ የተነቀለውን ገመድ አየ፣ አንዴ እኔን አየ።

«ገባኝ፤ የሱ ሰው ነሽ» አለ።

የጥገና ሠራተኛው ተጠርቶ መጣና መስታወቱን በጥፍሩ ቧጨር ቧጨር አደረገው። «ጌታዬ፣ ፊደሉን የሚያበራው ከመስታወቱ በስተጀርባ የተቀባ ዱቄት ነው። አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት ሲበራ ያርራል። ያረረ ደግሞ በምንም አይለቅም፤ የስክሪኑ ቱቦ ራሱ ካልተቀየረ በቀር።»

ለቱቦ የሚሆን በጀት አልነበረም።

«እንግዲያው እሷ ትቀየር» አለ አለቃው። ጠረፍ ወዳለው ቅርንጫፍ መጋዘን ማለቱ ነው።

እኔ ደግሞ ከአልጋ የማትወርድ እናት አለችኝ። ከእኔ በቀር ውሃ የሚያቀብላት የለም። እስከ ጠረፍ ይዣት አልሄድ፣ ጥያት አልሄድ። ፈራሁ። ምላሴ ግን ዱሮም ፈርቶ አያውቅም።

«ጌታዬ፣ ማጥፋቱን አልቻልንም፤ መሸፈን ግን አያቅተንም» አልኩት። «የእርስዎን ስም እላዩ ላይ እናድርገው፤ ቀንም ሌትም ይብራ። እያደር የሱን ይውጠዋል።»

የጥገና ሠራተኛውን ሳል ያዘው። አለቃው ግን ፊቱ ፈካ።

«ማዕረጌም ይግባ» አለ።

ዝውውሬ ቀረ። እናቴ አልጋዋ ላይ እንዳለች እኔን ስትመርቅ ውላ፣ ማን እንደሆነ ሳታውቅ አለቃዬንም አብራ መረቀችው። እሱም በየጠዋቱ ተርሚናሉ ጋ ቆም ብሎ ስሙን ያይና ረክቶ ወደ ቢሮው ይገባል። ስም በስም ላይ እያረረ ሄደ። ተራው ደርሶ እሱም ሲነሣና ስሙ ሲጠፋ፣ ላይኛው መስመር ላይ የቀረው ማንበብ የማይቻል አንድ ቡናማ እድፍ ነበር። የትኛው ፊደል የማን እንደሆነ ወላጆቻቸው እንኳ አይለዩትም።

ሦስተኛው አለቃ ሥራ በጀመረበት ቀን እድፉን በጣቱ እያሳየ «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እናቴ ዛሬም ከአልጋ አልወረደችም።

«ለእርስዎ የተያዘ ቦታ ነው፣ ጌታዬ» አልኩት።